ኧርኒ ሼቨርስ በሁለተኛው ዙር ለምን ቆመ?

ኧርኒ ሼቨርስ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ሲሞት 78 ዓመት ከሞላው ገና አንድ ቀኑ ነበር (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሰሞን ስለ እሱ የተጻፈው ሁሉ ተመሳሳይ ነው፦ በከባድ ሚዛን ታሪክ ከታዩት ብርቱ መቺዎች አንዱ፣ ግን የዓለም ቀበቶ ሳይታጠቅ ያለፈ። ቀጥሎ የሚመጣው ዐረፍተ ነገርም አይለወጥም፤ «ሙሐመድ አሊን እጁ አስገብቶት ነበር፣ ለቀቀው።» እረፍት የነሳኝ ይህ «ለቀቀው» የሚለው ቃል ነው። በ1977 ከአሊ ጋር የተጋጠመበትን ያን ሁለተኛ ዙር በቪዲዮ ባየሁት ቁጥር ቃሉ ከማየው ነገር ጋር አልገጥም ይለኛል። የሚለቅ ሰው እጁ የላላ ሰው ነው። ሼቨርስ ግን እጁን እንዳነሣ፣ ዓይኑን ከአሊ ሳይነቅል፣ ቆሞ እያሰበ ነበር።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1977፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ሻምፒዮኑ አሊ ቀበቶውን የሚያስጠብቅበት የ15 ዙር ግጥሚያ ነው። አሊ 35 ዓመቱ ነው፣ ሼቨርስ 33። አሊ 102 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሼቨርስ 96። ሼቨርስ እስከዚያ ምሽት 60 ጊዜ ተጋጥሞ 54ቱን አሸንፏል፤ ከ54ቱ 52ቱን በዝረራ። አምስት ጊዜ ተሸንፎ አንድ ጊዜ አቻ ወጥቷል። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው 52ቱን ነው። እኔ ግን ያን ምሽት የሚገልጸው ከአምስቱ ሽንፈቶች አንዱ ይመስለኛል።

ቀኝ እጁ

የሼቨርስ ቀኝ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቡጢ አልነበረም። ከትከሻ በላይ ተነሥቶ፣ ቅስት ሠርቶ፣ መጥረቢያ እንደሚወርደው የሚወርድ ምት ነው። እንዲህ ያለ ቡጢ ጉድለት አለበት። መንገዱ ስለሚረዝም ቀድሞ ይታያል፤ ከሳተ ደግሞ የመቺውን ገላ አዙሮ ሚዛኑን ያሳጣዋል። አሊ ላይ ግን የተሠራለት ያህል ነበር። አሊ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ቡጢ ሲመጣበት በጓንቱ አይመክትም፣ ከወገቡ ወደ ኋላ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ቀጥ ያለ ቡጢ አንድ ስንዝር ያህል ይቀረዋል። ከላይ የሚወርደው ቅስት ግን የሸሸውን ጭንቅላት ተከትሎ ይደርስበታል፤ ወገቡ አጠገብ ያለችው ግራ እጅም አታግደውም። አሊ በ25 ዓመቱ ይህን ጉድለት በፍጥነቱ ይሸፍነው ነበር። በ35 ዓመቱ ፍጥነቱ ሄዶ ልማዱ ቀርቷል።

በሁለተኛው ዙር ያ ቀኝ መንጋጋው ላይ አረፈ። አሊ ኋላ ላይ ምቱን ሲያስታውስ፣ አፍሪካ ያሉ ዘመዶቼን ሳይቀር ነቀነቃቸው ይል ነበር።

አሊ አልወደቀም። ጉልበቱ ሲከዳው ይታያል። ከዚያ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሰከረ ሰው መወላገድ ጀመረ፤ ያውም ከልክ በላይ፣ ለተመልካች እንደሚተወን ሰው። ቪዲዮውን ለማየት ያስቸገረኝ ይህ ነው። በእውነት የተናወጠ ሰው፣ የተናወጠ መስሎ ይጫወት ነበር። ሼቨርስ ቀጣዩን ቡጢ ከመሰንዘር ፈንታ ተመለከተው። ጥቂት ሰከንዶች አለፉ። ከዚያ በኋላ መታ፣ ግን እየመጠነ መታ። ደወሉ ሲደወል አሊ በእግሩ ቆሞ ነበር። ሼቨርስ ኋላ እንደተናገረው፣ አሊ የሚያታልለው መስሎት ነበር።

ካሜራው የሚያየውና ቦክሰኛው የሚያየው

ተፋላሚ በእውነት መጎዳቱ የሚታወቀው ከፊቱ አይደለም። ቡጢ አገጭ ወይም መንጋጋ ላይ ሲያርፍ ጭንቅላት በድንገት ይዞራል፤ አንጎል ደግሞ ከራስ ቅሉ ጋር እኩል አይዞርም። ከዚህ መናወጥ በኋላ ቀድሞ የሚከዳው እግር ነው። ተረከዙ መሬት ላይ ይለጠፋል። ሁለቱ እግሮች ከተለመደው በላይ ይራራቃሉ፣ ወይም ደግሞ ተጠጋግተው ይጠላለፋሉ። ወደ ጎን መራመድ ያቅተዋል፤ የሚችለው ቀጥታ ወደ ኋላ መሄድ ወይም ቀጥታ ወደ ፊት ወድቆ፣ እንዳይመታ ተጋጣሚውን ማቀፍ ነው። ፊት ግን የተጎዳውም የሚያታልለውም ሊያደርገው የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። አሊ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ፊቱን እንደ ተጨማሪ ጓንት ነበር የሚጠቀምበት።

«ታዲያ ሼቨርስ እግሩን አያይም ነበር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አያይም። እኛ የምናየው ከሪንጉ ጎን ከተተከለ ካሜራ ነው፤ የአሊ ገላ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ክፍት ነው። ቦክሰኛ ግን ከተፋላሚው አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ከጅምሩ የሚማረውም ዓይኑን ደረትና አንገት የሚገናኙበት ላይ እንዲያሳርፍ ነው፤ ምክንያቱም ቡጢ ከመምጣቱ በፊት የሚንቀሳቀሰው ትከሻ ስለሆነ። ከዚያ ርቀት ወደ እግር ማየት ማለት ራስን አጎንብሶ አገጭን ለአፐርካት፣ ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ ቡጢ፣ መስጠት ነው። እግሩን ማየት ያለባቸው ከሪንጉ ጥግ ያሉት የራሱ ሰዎች፣ አሰልጣኞቹ፣ ናቸው። እነሱም ቢጮኹ በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ሰዓት፣ ድምፃቸው መድረሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ያን ሌሊት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያየውን እግር፣ ሊያየው ያልቻለው አንድ ሰው ሼቨርስ ነበር።

ይህን ካስተዋልኩ በኋላ «ለምን አልጨረሰውም?» የሚለው ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ጥያቄው ከካሜራው ቦታ የተጠየቀ ነው።

ከዴንቨር የመጣው ፍርሃት

ሁለት ዓመት ወደ ኋላ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1975፣ ዴንቨር። ተጋጣሚው ሮን ላይል ነበር። በሁለተኛው ዙር (እዚህም ሁለተኛው ዙር!) ሼቨርስ ላይልን ጣለው። ላይል ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ተነሣ። ሼቨርስ ለመጨረስ ያለውን ሁሉ አፈሰሰ፤ ላይል ተቋቋመው። ከዚያ በኋላ የሼቨርስ ክንድ ከበደ፣ እግሩ ቆመ። በስድስተኛው ዙር የተዘረረው እሱ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

የዚህ ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። በሙሉ ኃይል የሚሰነዘር ቡጢ አጭር ሩጫ እንደ መሮጥ ነው፤ ጡንቻው ኦክስጅን እስኪደርሰው አይጠብቅም፣ ያጠራቀመውን ያቃጥላል። ሃያ፣ ሠላሳ እንዲህ ያለ ቡጢ በተከታታይ የሰነዘረ ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ በአንድ ደቂቃ እረፍት አያገግምም። ነገሩን የሚያባብሰው ትንፋሽ ነው። ብዙ መቺዎች ለመጨረስ ሲጣደፉ ሳያውቁት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ በእያንዳንዱ ቡጢ አጭር ትንፋሽ ማስወጣት የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው፣ በችኮላ ጊዜ መጀመሪያ የሚረሳውም እሱው ነው። ቡጢው ሲስት ደግሞ ካገኘው ይልቅ ያደክማል፤ የሄደውን ክንድ የሚያቆመው የተጋጣሚ ገላ ሳይሆን የራስ ትከሻና ወገብ ነውና።

በዚያ ላይ የኪንሻሳው ነገር አለ። ኦክቶበር 30 ቀን 1974 አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ ጆርጅ ፎርማንን አስመታ፣ አስመታ፣ ከዚያ በስምንተኛው ዙር ዘረረው። ሼቨርስ አሊን ሲገጥም ያ ግጥሚያ ሦስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረ ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ሁሉ አሊ የተጎዳ መስሎ እንደሚያዘናጋ ያውቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሼቨርስ ደግሞ ሁለት እባብ ነው ያየው፤ አንዱን በፎርማን፣ አንዱን በራሱ ገላ። ፊቱ ላይ የሚወላገድ ሰው አለ፤ 13 ዙር ይቀራል፤ ዴንቨር ላይ የሆነውን ያስታውሳል። እንዲያ ያለ ሰው ቆም ብሎ ቢያይ ምን ይገርማል?

እንዲያውም ኪንሻሳ አሊን ሁለት ጊዜ እንዳዳነው ይሰማኛል፤ አንዴ በ1974፣ አንዴ በ1977።

መጣልና መጨረስ

ይህን ሁሉ ብዬ ሼቨርስን ሙሉ በሙሉ ነጻ ማውጣት አልችልም። ጉድለት ነበረበት፤ ጉድለቱ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ቦክስ የጀመረው በ22 ዓመቱ ነው። በ1969 በአማተር ደረጃ የአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ፣ በዚያው ዓመት ወደ ፕሮፌሽናል ገባ። ሌላው አሥር ዓመት የሚማረውን እሱ በሁለት በሦስት ዓመት አለፈው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ በኋላ የመጡት ተጋጣሚዎችም አላስተማሩትም፣ ቶሎ ይወድቁ ነበርና። በሥራ ዘመኑ ከ20 በላይ ግጥሚያ በመጀመሪያው ዙር ጨርሷል። አንድ ሰው በአንድ ቡጢ ሲወድቅልህ የምትማረው ቡጢውን ብቻ ነው። ያልወደቀውን፣ የተናወጠውን፣ ግን የቆመውን ሰው እንዴት እንደሚጨርሱት መማሪያ ቀን አይኖርህም። 52 ዝረራ አለው ስንል መጣልንና መጨረስን አንድ አድርገን ነው የምንቆጥረው።

መጨረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የተናወጠ ሰው ላይ አይዘለልም፤ ግማሽ እርምጃ ነው የሚቀርቡት፤ በጣም ከቀረቡት ያቅፋልና። ግራ ጃብ፣ በፊት እጅ የሚሰነዘረው ፈጣንና ቀጥ ያለ ቡጢ፣ አይቋረጥም፤ ጉዳት ባያደርስም የተጎዳው ሰው ሁለት እጁን ፊቱ ላይ እንዲያነሣ ያስገድደዋል። እጁ ሲነሣ የጎድን አጥንቱ ሥር ይከፈታል፤ ቀጣዩ ቡጢ እዚያ ነው፣ ጭንቅላት ይሸሻል፣ ሆድ ግን አይሸሽም። ሆዱ ሲመታ ክርኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ አጭር ቀኝ ወደ ራስ። ሊያቅፍ ወደ ፊት ሲጎነበስ አፐርካት። ሦስት አራት ቡጢ ከተሰነዘረ በኋላ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ትንፋሽ፣ መመልከት፣ እንደገና። የፊት እግር ደግሞ ሁልጊዜ ተፋላሚው ሊወጣበት ወደሚፈልገው አቅጣጫ ይቀድማል፣ ከገመዱ እንዳይላቀቅ።

ቪዲዮው ላይ ሼቨርስ ከዚህ ውስጥ አንዱን፣ መመልከቱን፣ በደንብ ያደርገዋል። የጎደለው ከመመልከቱ በፊት መምጣት የነበረበት ጃብና የሆድ ቡጢ ነው። አሊ ይተውን አይተውን ጎድን ሥር የገባ ቡጢ ይነግረው ነበር። በፊት መተወን ይቻላል፤ ሆዱን ተመትቶ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ብዙ አይተውንም። ለጥርጣሬው መልስ የሚያገኝበት መንገድ ዓይኑ ሳይሆን ግራ እጁ ነበረ ማለት ነው። የተናወጠ ቦክሰኛ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ካገኘ ብዙ ጊዜ ለማቀፍ የሚበቃ ያህል ይነቃል። አሊ ደግሞ አቀፈ ማለት ዳነ ማለት ነው፤ ግራ እጁን ማጅራት ላይ አኑሮ ጭንቅላትን ወደ ታች በመጫን የሚተካከለው አልነበረም።

የወረቀቱ ስሌት

ያን ጊዜ በኒው ዮርክ የሚዳኘው በዙር ቁጥር ነበር። ዛሬ እንደለመድነው ለአሸናፊው 10፣ ለተሸናፊው 9 ወይም 8 ነጥብ መስጠት የለም፤ ዙሩን ያሸነፈ አንድ ዙር ይጻፍለታል። ስለዚህ አሊን ሊጥል የደረሰበት ያ ሁለተኛ ዙር፣ አሊ በሁለት ጃብ ብልጫ ከወሰደው ሌላ ዙር ጋር እኩል ነው። ለሼቨርስ ዓይነት ቦክሰኛ ከዚህ የከፋ አቆጣጠር የለም።

ሌላም ነገር ነበር። ግጥሚያውን ያስተላለፈው የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ የዳኞቹን ውጤት ከየዙሩ በኋላ ለተመልካች ያሳይ ነበር። የአሊ አሰልጣኝ አንጄሎ ዳንዲ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው አስቀምጦ ውጤቱን በምልክት ይቀበል ነበር። ከ12ኛው ዙር በኋላ አሊ በሁለቱ ዳኞች ወረቀት 8 ለ4፣ በሦስተኛው ደግሞ አንዱ ዙር አቻ ተብሎ 8 ለ3 እየመራ ነበር። ከ15 ዙር 8ቱን የያዘ ሰው በነጥብ አይሸነፍም። ዳንዲ ይህን ያውቃል፤ አሊ ካልተዘረረ ጉዳዩ አልቋል።

ታዲያ 13ኛውንና 14ኛውን ዙር ሼቨርስ በሦስቱም ወረቀት ወሰደ። በሁለተኛው ዙር ያልተጠቀመበት ጉልበት እነሆ እዚህ ወጣ። 15 ዙር የሚባል ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየው፣ ያውም ከአምስተኛውና ከስድስተኛው በኋላ ጉልበቱ ያልቃል የተባለ ሰው። መቆጠቡ ሠርቶለታል፤ የሠራለት ግን ጥቅም በማይሰጥበት ሰዓት ነው። በ15ኛው አሊ፣ ማድረግ ሳይጠበቅበት፣ ቆሞ ተማታ፣ ዙሩንም ወሰደ። የመጨረሻው ውጤት 9 ለ6፣ 9 ለ6፣ 9 ለ5። ከዳኞቹ አንዷ ኢቫ ሼይን ነበረች፤ ሴት የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮና ስትዳኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሼቨርስ በወረቀት ተሸነፈ፤ ቡጢው ግን የት እንደደረሰ ሌሎች ያውቁ ነበር። ለዓመታት የአሊ ሐኪም የነበረው ፈርዲ ፓቼኮ ከዚያ ግጥሚያ በኋላ የኩላሊቱን ምርመራ ውጤት አይቶ አሊ እንዲያቆም ጻፈ፤ መልስ ስላላገኘ ጥሎ ወጣ። የጋርደኑ ግጥሚያ አዘጋጅ ቴዲ ብሬነርም ከእንግዲህ ለአሊ ግጥሚያ እንደማያቀርብ ተናገረ።

ላስ ቬጋስ፣ ሰባተኛው ዙር

ሼቨርስ ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ «ቢቸኩል ኖሮስ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አይኖረውም ነበር። ግን ሁለተኛ ዕድል አገኘ።

ማርች 23 ቀን 1979 ኬን ኖርተንን ገጠመ። ኖርተን ወደ ፊት ሲሄድ አደገኛ፣ ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ደካማ እንደሆነ የታወቀ ነው። ሼቨርስ ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ገፋው፣ ሁለት ጊዜ ጣለው፣ በመጀመሪያው ዙር ተፈጸመ። ቆሞ መመልከት የለም። ይህን ያየ ሰው ከ1977 ተምሯል ማለቱ አይቀርም።

ስድስት ወር ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1979፣ በላስ ቬጋሱ ሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ላሪ ሆልምስን ለዓለም ሻምፒዮና ገጠመ። ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ ይኸው ሆልምስ በ12 ዙር በሰፊ ነጥብ አሸንፎት ነበር። በዚህም ምሽት ስድስት ዙር ሙሉ የሆልምስ ጃብ ሼቨርስን ሲያቆመው አመሸ። በሰባተኛው ዙር ያ ቀኝ እጅ እንደገና በቅስት ወረደ፤ ሆልምስም ጃቡን ከሰነዘረ በኋላ ግራውን ዝቅ አድርጎ ይመልስ ነበርና መንገዱ ክፍት ነበር። ሆልምስ በጀርባው ወደቀ። ብዙ ሰው ያን ቡጢ በልቶ አልተነሣም። ሆልምስ ተነሣ። እግሩ የሱ አልነበረም። በኋለኛው ዘመን ከማይክ ታይሰን ጋር ሳይቀር የተጋጠመው ሆልምስ፣ ከሁሉ አብልጦ የመታው ሼቨርስ እንደሆነ ይናገራል።

በዚህ ጊዜ ሼቨርስ አልቆመም። ፊቱን አላየም፣ አልመዘነም፣ ሄደበት። ሰፊ ቀኝ፣ ሰፊ ግራ፣ እንደገና ሰፊ ቀኝ። ጃብ የለም፣ ወደ ሆድ የሚሄድ የለም። አንዳንዱ ጓንት ላይ ያርፋል፣ አንዳንዱ ከጭንቅላት በላይ ያልፋል። ሆልምስ ጎንበስ ይላል፣ ያቅፋል፣ ይላቀቃል፣ ደግሞ ያቅፋል። ደወሉ ተደወለ።

ስምንተኛው ዙር ሲጀመር የመጣው እንደገና የሆልምስ ጃብ ነው። የሼቨርስ ቀኝ አሁንም ይነሣል፤ ሲነሣ ግን ቀድሞ ይታያል፣ ሲወርድም ዘግይቶ ነው የሚወርደው። በ11ኛው ዙር የሪንጉ ዳኛ ዴቪ ፐርል በሁለቱ መካከል ገብቶ አስቆመው። ሼቨርስ ያን ጊዜም በእግሩ ቆሞ ነበር።